የጎጃምን ፏፏቴዎች በመኪና፦ ጥያቄና መልስ

በጎጃም መንገድ ፏፏቴ ለማየት የምትነሡ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የካቲት ላይ ጢስ ዓባይ ሄደን ጢሱም ውሃውም አልነበረም። የአንድ ብር ኖት ላይ ያየነው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሥዕሉስ እውነት ነው፤ ወሩ ነው የከዳችሁ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ሂዱ። ጣና ክረምቱን አጠራቅሞ የሚሞላው መስከረም አካባቢ ስለሆነ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ፏፏቴው ወዲያው አይደክምም። ያኔ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታም ይወረወራል። በበጋ ግን ውሃው ለመብራት ይሰማራል፦ ከፊሉ እዚያው አጠገብ ወዳሉት ማመንጫዎች ይገባል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙው ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ በዋሻ ወደ በለስ ይሻገራል። የበለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት የተተከለበት ነውና በመብራቱ አልከራከርም። የመስከረምን ፎቶ እያሳየ በመጋቢት እንግዳ የሚወስድ አስጎብኚ ግን ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በየት በኩል እንምጣ?

መልስ፦ ከደጀን መንገዱ ይከፈላል። በሞጣ በኩል ያጥራል። እኔ ግን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ የሚዞረውን እመርጣለሁ፤ እንጅባራ ልትገቡ ስትሉ ዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ዳር ይጠብቃችኋል። የዓባይን በረሃ ስትወርዱ በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አትመኩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሰሞን ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ሌሊት አትንዱ።

ጥያቄ፦ መኪናው እስከ ፏፏቴው ይደርሳል?

መልስ፦ አይደርስም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ጢስ ዓባይ ከተማ ታቆማላችሁ፤ ከዚያ በእግር ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆም በሉ፦ ያ ሁሉ ወንዝ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየተጋፋ ሲያልፍ ከእግራችሁ ሥር ይታያል። ቀጥሎ ዳገት አለ። በመስከረም ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፤ ከመንደሩ ልጆች ምርኩዝ መያዝ አያሳፍርም። ፊት ለፊቱ ስትደርሱ ርጭቱ ልብስ ያበሰብሳልና ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ።

ጥያቄ፦ ከሥሩ መዋኘትስ?

መልስ፦ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ፏፏቴው ሳይሆን ምንጩ ነው የናፈቃት። ግሽ ዓባይን በዚሁ ጉዞ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እህቴ፤ የእንጅባራውን መንገድ የምወደውም ለዚህ ጭምር ነው። ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ትገነጠላላችሁ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ ይባላል፤ እናትሽ ታሪኩን ከእኔ ይልቅ ሳያውቁት አይቀሩም። ቦታው ጠበል ስለሆነ ምግብ ቀምሶ መግባት አይፈቀድም። ማልዳችሁ ድረሱ፤ ቁርሱን ለመልስ አቆዩት።