ፎቶው ስክሪን ላይ ያምራል፣ ታትሞ ሲመጣ ግን ይጨልማል

ወንድሜ «ስክሪን ላይ የሚያምረው ፎቶ አልበም ሆኖ ሲመጣ ይጨልማል፣ ሞኒተር ልቀይር ወይስ ካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም የሚለካ መሳሪያ) ልግዛ» ላልከው፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ብራይትነስህን ቀንስ። የምሬን ነው። ብዙ ሞኒተር ከካርቶን ሲወጣ 250 ካንዴላ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ወይ ከዛ በላይ እያበራ ነው የሚመጣው፣ ለህትመት የሚሰራ ሰው ግን ከ80 እስከ 120 ይበቃዋል። ስክሪኑ ሲያበራብህ ፎቶው የበራ ይመስልህና አጨልመህ ትልከዋለህ፣ ወረቀት ደሞ ከኋላው መብራት የለውም። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይዘህ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈት፣ ስክሪኑ አምፖል ከመሰለህ ገና አልቀነስክም ማለት ነው።

ሁለተኛው ናይት ላይት ነው፣ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስደው ሴቲንግ፣ እኔን ያከሰረኝ እሱ ነው። የሰርግ አልበም ማታ ማታ ኤዲት ሳደርግ የሙሽራዋ ሀበሻ ቀሚስ ቢጫ እየሆነብኝ ወደ ሰማያዊ ስስበው አመሸሁ፣ ታትሞ ሲመጣ ነጩ ቀሚስ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ማተሚያ ቤቱን ልጣላ ሄጄ ሁሉ ነበር፣ ለካ ናይት ላይቱ ሲመሽ በራሱ እየበራ ነው! አልበሙን በራሴ ኪሳራ ደግሜ አሳተምኩ።

ደሞ በዓይን አስተካክላለሁ አትበል፣ ዓይን ይለምዳል፣ ትንሽ ከቆየ ቢጫውንም ነጭ ነው ይልሃል። ስለዚህ ካሊብሬተሩ ያስፈልጋል ግን ብቻህን መግዛት የለብህም፣ እኛ ሶስት ሆነን አዋጥተን ነው የገዛነው፣ እንደ እቁብ በየወሩ ይዞራል። ከመሳሪያው ጋር የሚሰራው ዲስፕሌይካል የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማ (የመሃል ድምቀቱን) 2.2፣ ብራይትነስ 100 ካንዴላ አድርገህ ጀምር። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይሙቅ፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ነው፣ ምን ታረገዋለህ። የጓደኛህን ፕሮፋይል (ሶፍትዌሩ ለስክሪኑ የሚሰራውን የቀለም ፋይል) ኮፒ እንዳታደርግ፣ ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ሁለት ስክሪን አንድ አይደለም።

የምትሰራው በርካሽ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ልንገርህ፣ ከኤስአርጂቢ (ከተለመደው የስክሪን ቀለም ስፋት) 60 በመቶ ገደማ ብቻ የሚያሳዩ ስክሪኖች አሉ፣ የጥለቱ ቀይ እዛ ውስጥ ከሌለ ካሊብሬሽን አያመጣውም፣ ያኔ ኤስአርጂቢን ሙሉ ለሙሉ በሚባል ደረጃ የሚያሳይ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይቀየር) ሞኒተር ፈልግ።

ማተሚያ ቤቱን የወረቀታቸውን አይሲሲ ፕሮፋይል (ወረቀቱ ቀለም እንዴት እንደሚያሳይ የሚናገር ፋይል) ጠይቃቸው፣ ካላቸው ፎቶሾፕ ላይ ሶፍት ፕሩፍ ታያለህ፣ ማለትም ህትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ አስቀድመህ ታያለህ። ከሌላቸው አልበሙን ከመላክህ በፊት አንድ የፊት ፎቶና አንድ የቀሚስ ፎቶ በትንሽ ሳይዝ አሳትመህ ቀን ብርሃን ላይ እያቸው። ብራይትነሱን ቀንሰህ ምን እንደሆነ እዚሁ ፃፍልኝ።