ጠብታው ሁለት ሰዓት አይቆይልኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 34 ነው። በልጅነቴ ኳስ አፍንጫዬን መትቶኝ ነበር፤ በቅርቡ የታየሁት ሐኪም የአፍንጫዬ መካከለኛ ግድግዳ ወደ ግራ ተጣሟል አለኝ። ቀዶ ሕክምናውን እፈራለሁ። ሌሊት በአፌ እየተነፈስኩ ጉሮሮዬ ደርቆ እነቃለሁ። ካለፉት 4 ወራት ወዲህ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ካላደረግኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አሁን እሱም ቢሆን ሁለት ሰዓት አይቆይልኝም። ሌላ መላ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ። ነገር ግን ከጠብታው እንጀምር፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ጠርሙሱን ያንብቡት። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን የሚል ከሆነ፣ የአፍንጫን የደም ሥሮች አኮማትሮ በደቂቃዎች የሚከፍት መድኃኒት ነው። ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ ግን ኃይሉ ባለቀ ቁጥር የውስጡ ሥጋ ከቀድሞው ብሶ ያብጣል። «አጥንቱ ባሰብኝ» ብለው ከሚመጡ ሰዎች ኪስ ይህች ትንሽ ጠርሙስ ስትወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የተጣመመው ግድግዳ በመድኃኒት አይቃናም። ሆኖም ከልጅነትዎ ጀምሮ አብሮዎት ኖሯል፤ አሁን የተጨመረው እብጠቱ ነው፣ እብጠት ደግሞ ይቀንሳል። ጠብታውን በአንድ ጊዜ መተው ከከበደዎ መጀመሪያ በሰፊው በቀኙ ቀዳዳ ያቁሙ። ለጥቂት ቀናት ክፉኛ ይታፈናል፤ ይታገሡት። ሲከፈት ግራውን ያስከትሉ።

ያን ጊዜ የሚደግፍዎ እንደ ፍሉቲካዞን ያለ፣ እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ ስፕሬይ (በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት) ነው፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አንገትዎን ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፤ የግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ የቀኙን በግራ እጅ ይርጩ፤ ጫፉም ወደ ጆሮ በኩል ይመልከት። ወደ መሐል ከተረጨ ግድግዳውን ያቆስለዋል፣ ነስርም ያመጣል። አረጫጨቱን የሚያሳያቸው አጥተው «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ከመርጨትዎ በፊት አፍንጫዎን በጨው ውሃ ይጠቡ። ለሩብ ሊትር ውሃ፣ አዮዲን የሌለው ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ውሃው ፈልቶ ለብ እስኪል የቀዘቀዘ ይሁን፤ ያልፈላ የቧንቧ ውሃ በፍጹም አይጠቀሙ። እምብዛም ባያጋጥም እንኳ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ ገዳይ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ደግሞ ከአፍንጫዎ አጠገብ ያለውን ጉንጭዎን በሁለት ጣት ወደ ጎን ሳብ ያድርጉት። አየሩ ከቀለለዎ፣ አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው ማስፊያ ፕላስተር ሌሊቱን ይረዳዎታል። ካልቀለለዎ ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። ሲተኙ ትራስዎን ከፍ አድርገው በግራ ጎንዎ ይሁኑ፤ በጎን ስንተኛ ከታች የዋለው ቀዳዳ ስለሚያብጥ ሰፊው ከላይ ቢሆን ይሻላል።

በእንቅልፍዎ እያንኮራፉ ትንፋሽዎ ቆም እንደሚል ሰው ከነገረዎ፣ ወይም ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ደም ከተመላለሰብዎ፣ ይህን ሁሉ እስኪሞክሩ ሳይጠብቁ ይታዩ።