መልስ፦ ለቡና ገዢዎች በሚቀርብ ገለጻ ታሪኩ የት ይግባ?
ገለጻዎ የሚጀምረው የድርጅትዎን የምሥረታ ዘመንና የሥራ አመራሩን ፎቶግራፍ በያዙ ሦስት ስላይዶች ነው፤ እነርሱን ወደ መጨረሻ ይውሰዷቸው፤ ገዢዎቹ ስልካቸውን ማየት የሚጀምሩት እዚያ ላይ እንደሆነ በጥያቄዎ ጽፈዋልና። በምትካቸው በአንድ አርሶ አደር፣ በአንድ ችግርና በአንድ ውሳኔ ይጀምሩ።

የሚሸጡት የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና ስለሆነ አካባቢውን በማስተዋወቅ ጊዜ አያጥፉ። ስሙን ያውቁታል፤ ኢትዮጵያ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችውም በዚሁ ስም፣ በሲዳሞና በሐረር የንግድ ምልክቶች ላይ ነበር። የማያውቁት ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ ማን እንደሸፈነው፣ ሌሊቱን ማን ሲጠብቅ እንዳደረና ረጥቦ የተበላሸው እንዴት ተለይቶ እንደወጣ ነው።

1. ይህን በሁለት ደቂቃ ይንገሯቸው።
2. ወዲያው የእርጥበት መጠኑንና የቅምሻ ውጤቱን ያሳዩ፤ አድማጩ ቡናው ተርፎ እንደሆነ ማወቅ ስለሚፈልግ ቁጥሩን በጉጉት ያነበዋል።
3. ዋጋውን ሲጠሩ ወደዚያ ሌሊት ድካም ይመለሱ፤ ዋጋውን የማያስረዳ ታሪክ፣ ምንም ያህል ልብ ቢነካ፣ ከገለጻው ይውጣ።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፦ የበርካታ አርሶ አደሮችን ገጠመኝ ቀላቅለው አንድ ሰው አይፍጠሩ። በተገኘሁበት የቅምሻ መድረክ አንድ ገዢ ታሪካቸው የተነገረውን ገበሬ ማግኘት እንደሚፈልግ ሲጠይቅ አቅራቢው መልስ አጣ፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛዎቹንም ቁጥሮች ያመነ አልነበረም። የእውነተኛውን ሰው ታሪክ፣ ስሙንና ፎቶግራፉን ለመጠቀም አስቀድመው ካስፈቀዱት በኋላ ያቅርቡ።