«ድርብ አልኮል» ወይስ «ኢንዳይኦል»?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ለተማሪዎቼ የባዮኬሚስትሪ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ «ኢንዳይኦል» (enediol) የሚለው የኬሚስትሪ ስም ላይ ተቸገርኩ። «ድርብ አልኮል» ብለው ያስኬዳል? ካላስኬደስ አጻጻፉ «ኢንዳይኦል» ነው ወይስ «ኢንዳዮል»? በኬሚካዊ ምላሽ (ሪአክሽን) መሀል ለሚፈጠር ነገር ደግሞ «መካከለኛ ውሁድ» ብያለሁ።

መልስ፦ «ድርብ አልኮል» አያስኬድም። ተማሪው አልኮል ሲባል የሚታየው አረቄ ነው። ድርብ ሲሉበት ደግሞ ሁለት መለኪያ እንዳይመስለው!

ቀልዱ ይቆየንና፣ ስሙ ሦስት ቁራጭ አለው። «ኢን» ሁለት ካርቦኖች በደብል ቦንድ፣ ማለትም በድርብ ትስስር መያያዛቸውን ይናገራል። «ዳይ» በግሪክ ሁለት ነው። «ኦል» ከ«አልኮል» ጭራ የተቆረጠች ስትሆን ካርቦኑ ላይ ኦኤች (OH፣ የተጣመሩ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) እንዳለ ትነግረናለች። እንግዲህ በደብል ቦንድ የተያያዙት ሁለቱም ካርቦኖች አንዳንድ ኦኤች ይዘዋል ማለት ነው። በእርስዎ ትርጉም ደብል ቦንዱ የት ገባ? ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኢትሊን ግላይኮልም እኮ ሁለት ኦኤች አለው፤ ኢንዳይኦል ግን አይደለም።

ጠባዩም ከተራ አልኮል ይለያል። ቫይታሚን ሲን ይውሰዱ። አስኮርቢክ አሲድ ይባላል፤ የኮምጣጤውን አሴቲክ አሲድ አሲድ ያሰኘው ካርቦክሲል የሚባል የአቶሞች ቡድን ግን የለውም። ታዲያ ዱቄቱ ምላስ ላይ ሲያርፍ ለምን ይኮመጥጣል? ከኢንዳይኦሉ ሁለት ኦኤች አንዱ ፕሮቶኑን (የሃይድሮጅን አዮኑን) በቀላሉ ስለሚለቅ ነው፤ ኮምጣጣ የሚያደርገው ይህ ነው። ኤሌክትሮን ለመስጠትም አይሰስትም፤ አንቲኦክሲዳንት ያሰኘው ይኸው ነው።

«መካከለኛ» ላይም አልስማማም። «መካከለኛ ገቢ» እንደምንለው ልክና ደረጃ ይመስላል። ግሉኮስ የተባለው ስኳር በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ፈሳሽ) ውስጥ ወደ ሌላው ስኳር ወደ ፍሩክቶስ ሲለወጥ ኢንዳይኦል ብቅ ብሎ ይጠፋል። «በመሀል የሚፈጠር» ቢሉት ይበቃል።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ፣ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ብለን ለምደን የለ? በዚያው መንገድ «ኢንዳይኦል» ብለው ይጻፉ። አፍ ላይ «ዮል» ቢሆን ችግር የለውም፤ ጽሑፍ ላይ ግን «ኦል» ተለይታ ትታይ።

በነገራችን ላይ «አልኮል» የመጣው ከአረብኛው «አል ኩህል» ነው። መጀመሪያ ዓይን የሚኳሉበት ደቃቅ ዱቄት ነበር፤ በአውሮፓ ሲዞር ሲዞር መጠጥ ላይ አረፈ። የእኛው «ኩል» ዘመዱ ነው። ተማሪዎችዎ «ኦል» ባዕድ ናት ካሉ የእናታቸውን የኩል ብልቃጥ ያሳዩዋቸው፤ ከ«ኩል» «ኦል» ላይ የተረፈችው ግን «ል» ብቻ ናት።