ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ የኒትሮ መኪና ለመጀመር፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ በሪሞት የምትነዳ ትንሿን የኒትሮ መኪናዬን ስነዳ ከበው ያዩ የነበሩ ልጆች ጥያቄ አዥጎደጎዱብኝ። ሁሉንም እዚያው መመለስ ስላልቻልኩ «ጻፉልኝ፣ አንድ ላይ እመልሳለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ኒትሮ ከባትሪው መኪና በምን ይለያል?

በሪሞት መነዳቱ አንድ ነው። የሚለየው ሞተሩ ነው። ኒትሮው ውስጥ ፒስተኗ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቱ ስትሮክ ሞተር አለች። ነዳጇ ሜታኖል፣ ኒትሮሜቴንና ዘይት ነው፤ ለመኪና የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ኒትሮሜቴን አለው። ካንዴላ የላትም። በካንዴላው ቦታ ግሎው ፕላግ የሚባል አለ፣ ውስጡ ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ ተጠምጥሟል። ለማስነሳት በ1.5 ቮልት ማሞቂያ ሽቦውን ፍም ታስመስለዋለህ። ከተነሳች በኋላ ማሞቂያውን ትነቅላለህ፤ ሜታኖሉ ፕላቲኒየሙን ሲነካ ሽቦው እንደጋለ ይቆያል። ያ ድምፅ፣ ያ ሰማያዊ ጭስ፣ ያ ሽታ፣ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የባጃጅ መካኒክ ነኝ። ቤንዚን በዘይት ቀላቅዬ ብጨምርበትስ?

አይሆንም። ፕላቲኒየሙ ከቤንዚን ጋር እንደ ሜታኖሉ አይሰራም። ደግሞ 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ሜታኖል ግን 6.4 ገደማ፣ ኒትሮሜቴን 1.7 ብቻ። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርብሬተር የተሰራው ብዙ ነዳጅ ለሚጠጣ ሞተር ነው፣ ቤንዚን ይበዛበታል። የሲሊኮን ቱቦውንም ቤንዚን ያሳብጠዋል። ቤንዚን ከፈለግህ የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ መጠን ያላቸው ትልልቅ መኪኖች አሉ፤ ካንዴላ አላቸው፣ ብዙዎቹ 25 ለ1 በዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን ይጠቀማሉ። ለአንተ እንዲያውም እነሱ ይቀሉሃል። ሞተር በጆሮ መስማት የለመደ ሰው ግን የትኛውንም ቶሎ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ዱባይ እህት አለችኝ፣ መኪናውንም ነዳጁንም ታምጣልኝ?

መኪናውን ታምጣ፣ ታንኩ ደረቅ ይሁን። ነዳጁን ግን በፍጹም። ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣም በእጅም አውሮፕላን ላይ አይገባም፣ እህትህን ችግር ውስጥ ትከታታለህ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ በሕጋዊ መንገድ ከሚያስመጣ ሰው ነዳጅ እንደምታገኝ ሳታረጋግጥ መኪና አትግዛ። ብዙ ልጅ ተገላቢጦሽ አድርጎት መኪናው መደርደሪያ ላይ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። ሂሳቡን ልንገርህ። የአንድ አስረኛ መኪና ታንክ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ አንዱ ሙሊት 10 ደቂቃ ቢያስኬድህ ነው። ከአንድ ሊትር 13 ሙሊት ታገኛለህ። ከዚያ ውስጥ አምስት ስድስቱ ሞተሩን ለማላመድ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ መኪና የቱ ይሻላል?

ተገጣጥሞ የመጣ፣ አንድ አስረኛ መጠን፣ በገመድ የሚነሳ። ከስሙ በፊት መለዋወጫው ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሞተሬ ገመዱን ስስበው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነክሳል፣ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ሲሊንደሩ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ በቅዝቃዜ ፒስተኑን ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ይሰፋል። የደሴ ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። በጉልበት አትሳብ፣ ገመዱ ይበጠሳል። የሞተሩን ራስ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። ከተነሳ በኋላ ሞተሩን ለማላመድ የመጀመሪያውን ታንክ ነዳጅ አብዝተህ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጥ) ብቻ ይጨርስ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነሳ፣ አጥፋ፣ ፒስተኑን ወደ ታች አውርደህ አቀዝቅዝ፣ ድገም። በሚቀጥሉት ታንኮች ቀስ እያልክ ጋዝ ጨምር። በዚህ ጊዜ ጭሱ ወፈረ፣ ጉልበቷ አነሰ ብለህ አትጨነቅ። መሆን ያለበት እንደሱ ነው። የተቻኮለ ሞተሩን በአንድ ቀን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ አሪፍ የነበረች መኪና ኮምቦልቻ ስወስዳት ለምን ሞተች?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እኔም ላይ ደርሷል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። አየር ሲያንስ ነዳጁ ስለሚበዛ የነዳጁን መርፌ (ካርብሬተሩ ላይ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ብሎን) ወደ ቀኝ ጠበቅ አድርገን ነዳጅ እንቀንሳለን። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ አየሩ ይጨምራል፣ መርፌው ግን ደሴ ላይ እንዳለ ነው። አሁን ነዳጁ አነሰ። በዚህ ሞተር ዘይቱም ያለው ነዳጁ ውስጥ ስለሆነ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል።

የኔዋ መጀመሪያ ጭሷ ጠፋ። ቀጥሎ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ከመቼውም በላይ ፈጠነች፣ እኔም ደስ አለኝ። ግማሽ ሜዳ ሄዳ ቀጥ አለች። ስፈታት ፒስተኑ ጎኑ ላይ ተፋፍቆ ነበር። ስለዚህ ከደሴ ስትወርዱ ገና ሳታስነሱ መርፌውን በካቻቢቴ ወደ ግራ ሩብ ዙር ክፈቱ፣ ከዚያ በአንድ ስምንተኛ ዙር እየቀነሳችሁ ፈልጉት። ሙሉ ጋዝ ላይ ሁልጊዜ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መታየት አለበት። የሞተሩን ራስ ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለኩ፣ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ መካከል ጥሩ ነው። የውሃ ጠብታ የሞተሩ ራስ ላይ አድርጎ ማየት የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 100 የደረሰ መስሎ እንዳያታልላችሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ግዙልኝ እያለ አስቸገረኝ። አደጋ አለው?

አለው እናቴ፣ አልደብቅዎትም። ብቻውን አይስጡት። ሜታኖል ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላል፤ በቆዳም ይገባል። ነዳጁን በሃይላንድ አይገልብጡት፣ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። በራሱ ዕቃ፣ ተከድኖና ተቆልፎ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። እሳቱ ደግሞ ቀን ላይ እምብዛም አይታይም፣ ስለዚህ ሲሞሉ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ይኑር። መኪናው በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ሪሞቱ ሲቋረጥ ፍሬን የሚይዘው ፌይልሴፍ መስራቱን ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሪሞቱን በማጥፋት ይሞክሩት። ለእሱ ዕድሜ ግን የባትሪው ይበቃል። ኒትሮውን አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይዞ አብሮት ቢነዳ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የት እንንዳ?

ሰፈር ውስጥ አይሆንም፣ ድምፁ ይረብሻል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አታስነሱት። ከብትና ሕፃን የሌለበት ሜዳ ፈልጋችሁ አስፈቅዱ። በበጋ አቧራው ከባድ ስለሆነ የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ በየጊዜው አጥባችሁ በማጣሪያ ዘይት አርሱት። ደረቅ ስፖንጅ አቧራውን ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ነድቼ ስጨርስ ምን ላድርግ? ባለፈው ሳምንት ያስቀመጥኳት አልዞር አለች።

ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የቀረው ነዳጅ ኩሽኔታውን አዝጎብህ ነው። ታንኩን አድርቅ፣ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን አስነስተህ አቃጥለው። ግሎው ፕላጉን ፍታ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ማስቀመጫ ዘይት (ሞተሩ ሲቀመጥ እንዳይዝግ የሚደረግ) ጨምር፣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳብ፣ ፕላጉን መልሰህ እሰር። የያዘችውን ግን በጉልበት እንዳታዞራት፤ ዘይቱን ጨምረህ አሳድራትና ጠዋት አሙቀህ ሞክር።