ላሳን ተወው፣ ሊታንግ ግን ውጣ
«ቼንግዱ ተማሪ ነኝ። በክረምቱ ዕረፍት ብቻዬን በሳይክል ላሳ መግባት እችላለሁ? ምን ዓይነት ሳይክል ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ።

ላሳን (የቲቤትን ዋና ከተማ) ተወው። ቻይናውያን ጓደኞችህ ከቼንግዱ ወደ ላሳ በሚወስደው ጂ318 አውራ ጎዳና ሳይክል እየነዱ ይገባሉ፣ እውነት ነው። የውጭ ዜጋ ግን ቲቤት ራስ ገዝ ክልል ለመግባት ልዩ ፈቃድና አስጎብኚ ድርጅት ያስፈልገዋል። ብቻህን አይሆንም።

እኔ በፈረንጆች 2023 ሴፕቴምበር በዚያው መንገድ እስከ ሊታንግ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፌ በዳኦቼንግና በሻንግሪላ አድርጌ ዳሊ ገባሁ። ቲቤቶቹንም ያኩንም (ጸጉራሙን የደጋ ከብት) ገደሉንም አየሁ፤ መንገዱ ከራስ ገዝ ክልሉ ውጭ፣ በሲቹዋንና በዩናን ግዛቶች ስለሆነ ልዩ ፈቃድ የጠየቀኝ የለም።

ስለ ሳይክሉ ብዙ አትጨነቅ። ያገለገለም ቢሆን ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ይኑረው። ቁልቁለቱ የፍሬን ሸራ ይበላል፣ ትርፍ ያዝ። ካላማዳሪም ሁለት።

ጉዱ ያለው ከፍታው ላይ ነው። እኔ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» ባይ ነበርኩ። ቼንግዱ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለት ዓመት እዚያ ስትቀመጥ ሰውነትህ አዲስ አበባን ይረሳል። ካንግዲንግ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ሳላርፍ በማግስቱ ወደ ጀዱኦ በር (እንደ ጣርማ በር በለው) መውጣት ጀመርኩ። በሩ 4,298 ሜትር ነው። አናቱ ሳልደርስ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አስመለሰኝ። ሳይክሌን አዙሬ ካንግዲንግ ሁለት ቀን ተኛሁ። ብታፍርም ተመለስ፤ እዚህ ላይ ጉብዝና አይሠራም። ከሊታንግ በፊት ያለው የካዚላ በር 4,718 ሜትር ነው። ከራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል!

ሌላው ማደሪያ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ በዝናብ፣ ሁለት ሆቴሎች «የውጭ ሰው መመዝገብ አንችልም» ብለው መለሱኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ደወለና አንዱን አስከፈተልኝ፤ ሙቅ ውኃም አጠጣኝ። በ2024 መንግሥት ሆቴሎች የውጭ ዜጋ እንዳይመልሱ አሳስቧል። ቢሆንም ሳይመሽ ግባ።

ምግብ አያስቸግርህም። የቲቤቶቹ ጻምፓ የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፣ በቃ በሶ! ሻያቸው ቅቤና ጨው አለበት። የክፍል ጓደኞቼ ይጸየፉታል፤ ቡና በጨውና በቅቤ ሲጠጣ እያየ ላደገ ሰው ግን ምኑ ይገርማል? ሊታንግ አጠገብ አንዲት እናት ዱቄቱን በሻይ አርሼ ጭብጦ ስጨብጥ አይተው፣ ማን አስተማረህ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጊዜውን ግን አስብበት። ጁላይና ኦገስት ዝናብና ናዳ ነው። እኔ መምህሬን አስፈቅጄ ነው ሴፕቴምበር የወጣሁት። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው የበዓል ሳምንት ደግሞ መንገዱም ሆቴሉም ጢም ይላል።

ከዳሊ ስትመለስ ፈጣን ባቡር ሳይክልህን እንዳለ አይጭንልህም። ፈትተህ ከረጢት ውስጥ ትከተዋለህ፣ ወይ በዕቃ መላኪያ ትልከዋለህ። እኔ ላክሁት። ከእኔ ሦስት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፣ የሊታንግ ጭቃ እንዳለበት።