ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ማን ይደውልልሻል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤት ልጅ ቤቴ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለክረምቱ በጎ ፈቃድ ተመዝግባለች። "ሲስተር፣ አደጋ ሲደርስ መርዳት እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ የትኛውን ሥልጠና ልውሰድ?" አለችኝ። ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ሂጂና የመጀመሪያ እርዳታ ተማሪ ብዬ መሸኘት ይቻል ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ 1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ወደ ድሬዳዋው ጎርፍ ሄደና ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ ሳወራት ቆየሁ። ለጓደኞቿም ይሁን ብዬ ነው የምጽፈው።

ጓንት ስለማድረግ፣ የሚደማን ቁስል ጫን አድርጎ ስለመያዝ ሥልጠናው ይነግራችኋል። እኔ አልደግመውም።

ድሬዳዋን ለማታውቁ፣ ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው በእግሩ አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ዳር ዳሩን ቤት የሠራም ብዙ ነበር። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ፣ ከደንገጎ በኩል ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ይህን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም።

ጎርፉ በመጣበት ሌሊት ሕክምና ቤት ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ የጫት መኪና ሹፌር ረዳቱን ይዞ ገባ። ልጁ ሸራ ሲያስር መዳፉን ቆርቆሮ ቆርጦታል። ሁለቱም ከላይ እስከ ታች በስብሰዋል። እኛ ጋ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎናል። "ሲስተር፣ ደንገጎ ላይ ሰማዩ ተቀዷል፤ መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆኗል" አለኝ ሹፌሩ። እኔ የልጁን እጅ እያጠብኩ ነበር። ጥፍሩ ሥር የገባ የጫት ቅጠል አልወጣ ብሎኝ ከእሱ ጋር እታገላለሁ። ጽዳቷም ሰማች፣ ጥበቃውም ሰማ። "እሰይ! ነፋሱ ይደርሰናል፣ ዛሬስ እንተኛለን" አለ ጥበቃው። ሁላችንም ሳቅን። ልጁን ሰፍቼ፣ ክትባቱን ወግቼ ሸኘሁት።

ውሃው ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ወሬ ነው። በጊዜ ደርሶን ነበር፤ ግን ለማን ይነገር? ሹፌሩ "ለማን ልደውል?" ቢለኝ የምሰጠው ቁጥር የለኝም። ደቻቱ ዳር የሚኖር፣ በሌሊት ተነስቶ በር የሚያንኳኳ፣ "ለዚህ ነገር ተጠሪው እሱ ነው" የሚባል ሰው አላውቅም። ምናልባት ነበረ ይሆናል። ካላወቅነው ግን ያው እንደሌለ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ባቡር ከድሬ ሲነሳ ወሬው ቀድሞት ሽኒሌ ይደርስ ነበር። ስልክ ይደወላል፣ "ተነስቷል" ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ይዘጋጃል። እኛ ልጆቹ የስልኩን እጀታ ለማሽከርከር እንጣላ ነበር። ተረኛ ሆኖ እንቅልፍ የጣለውን ባልደረባ አባቴ ለስንት ቀን አያናግረውም። ለባቡር እንዲህ የምትጠነቀቅ ከተማ፣ ለውሃው የሚደውልላት አልነበረም።

ሲነጋ ወጣቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። የጠራቸው የለም። ቃሬዛ የሚሸከም፣ ውሃ የሚያመላልስ፣ ዝም ብሎ የሚያለቅስም ነበር። ከሁሉ የማልረሳው በር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ነው። የትምህርት ቤት ደብተሩን ገልብጦ ከጀርባ በኩል የሚመጡትን ሕፃናት ይመዘግባል። ስም፣ ሰፈር፣ ያመጣው ሰው፣ የለበሰው ልብስ። ልብሱን መጻፉ ነው ብልህነቱ። ስሟን መናገር የማትችል አንዲት ሕፃን ነበረች፤ አክስቷ ከደብተሩ ላይ "ቢጫ ቀሚስ፣ አንድ እግር ጫማ" የሚለው ሲነበብላት ጮኸች። ያ ልጅ ሰርተፊኬት አልነበረውም።

አትቆጡኝና፣ እናንተ የበጎ ፈቃድ ልጆች ሰደርያውን ትወዱታላችሁ። ባነር ይዘረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። አደጋ ቦታም ከሚረዳው የሚቀርጸው ይበዛል። ጣሉት እቴ ያን ስልክ! ደግሞ መልሼ አስባለሁ። ያን ሌሊት ደንገጎ ላይ ስልክ የማይለየው እንደ እናንተ ያለ አንድ ልጅ ቢኖረን ምን ነበረበት? እሺ፣ አትጣሉት። ሌሊት ግን ድምፁን አታጥፉት።

ስለ ድፍረትም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራተተ። ሰዉ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ። ከዚያ ሌላ ናዳ መጣና ሊያወጡ የሄዱትን ቀበረ። እነሱን ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። ዘመድህ አፈር ሥር ሆኖ ቆመህ አታይም። ነገር ግን አሥር ሰው ሲቆፍር አንዱ አይቆፍር። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይቁም፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ "ውጡ!" ብሎ ይጩህ። ይህ ሥራ ለፎቶ አይመችም። ሥራ ፈት የሚመስለው ሰው እሱ ነው፤ እኔ ብሆን ግን ከመካከላችሁ ጎበዙን ነበር እዚያ የማቆመው።

ደቻቱ ከዚያ ወዲህ ዳርና ዳሩን ግንብ ተሠርቶለታል። ደግ ነው። ግንቡ ግን የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ቀስቃሽ ደግሞ በሰፈራችን አለ። ዕድሩ ጡሩምባ ነፊ አለው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን ያነቃል፤ ሰው ሳይሞት ቢነፋ ማን ከለከለው? እንደ ዕድር ያለው የሰፈር መረዳጃ፣ አፎሻውም ሰዉን ቤት ለቤት ያውቀዋል፤ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን እናት ብቻዋን እንደምታድር። መስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለው። የክፍሉን ቁልፍ ሌሊት ማን እንደሚይዝ በቀን ጠይቁ፤ በጎርፍ መሃል ቁልፍ አይፈለግም።

ለልጅቷ ያልኳት ይህን ነው። ሥልጠናውን ውሰጂ፣ በደንብም ተለማመጂው፤ እጅ ካልለመደ ጭንቅላት የተማረውን ይረሳል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ከጓደኞችሽ ጋር ደንገጎ ውጪ። ሌሊት የሚያመሸውን ፈልጊ፦ ሻይ የምታፈላዋን፣ የጫት መኪና ሹፌሩን፣ ጥበቃውን። ስልካቸውን ተቀበዪ፣ የአንቺንም ስጪ። የአንቺ ብቻ አይበቃም፤ ባትሪሽ ሊያልቅ ይችላልና የሁለት ሰው ይሁን። ከላይ የሚደወለው በኦሮምኛ ነው የሚሆነው፣ ታች መጋላ ስትደርሺ ደግሞ በሶማሊኛ የምትቀሰቅሺው ቤት አለ። የድሬ ልጅ ነሽ፣ ለዚህስ አስተርጓሚ አትፈልጊም። የአውቶቡሱን ሒሳብ እኔ እችላለሁ ብያታለሁ፤ ቅዳሜ ሊሄዱ ነው።